‘ዸ’ እምቢ ለሚለው አንደበት፦ ከማንቁርት የሚጀምር ልምምድ

አዳማ ውስጥ በአማርኛ አፋቸውን ፈትተው አፋን ኦሮሞ የሚማሩ ሰዎች ቃላቱን ቶሎ ይይዛሉ፣ ግሱንም ያረባሉ፤ ‘ዸ’ ላይ ሲደርሱ ግን ይሰናከላሉ። አንዱ ‘ደ’ ይላል፣ ሌላው ‘ጠ’ ይላል፣ ከቁቤ (በላቲን ፊደል ከተጻፈ የአፋን ኦሮሞ) መጽሐፍ እያነበበ የሚማረው ደግሞ ‘ድሀ’ ይላል። አስተማሪው “ስሙኝና ድገሙ” ይላቸዋል። ይሰማሉ፣ ይደግማሉ፣ ያው ‘ደ’ ይወጣል።

መስማት ብቻውን የማይበቃው ድምፁ የሚሠራበት ቦታ ስለማይታይ ነው። ምላስ የሚሠራው የሥራውን ግማሽ ነው። ቀሪው ግማሽ አንገት ውስጥ፣ ማንቁርት ላይ ነው፤ እዚያ ምን እንደሚደረግ የሚነግራችሁ ሰው ደግሞ እምብዛም አይገኝም፤ አፉን በቋንቋው የፈታ ሰው ሳያስበው ስለሚያደርገው።

እዚህ ላይ አማርኛ ተናጋሪ አንድ ትልቅ ብልጫ አለው። ‘ጠ’፣ ‘ቀ’፣ ‘ጨ’ የሚል ሰው ማንቁርቱን ወደ ላይ መግፋት ከልጅነቱ ጀምሮ ያውቃል። ‘ዸ’ የሚፈልገው ያንኑ ጡንቻ የመቆጣጠር ችሎታ ወደ ታች ማዞር ነው። ከታች ያለው ቅደም ተከተል በሙሉ የተሠራው በዚህ ላይ ነው። ደረጃ አትዝለሉ፤ በተለይ ደረጃ 4ን እና 5ን። ብዙ ሰው የሚወድቀው በቀጥታ ወደ ቃላቱ ስለሚሮጥ ነው።

ሐዋሳ ሆናችሁ ሲዳሙ አፎ የምትማሩም ይህንኑ ልምምድ መጠቀም ትችላላችሁ፤ እዚያም ይህ ድምፅ አለ። የምሳሌ ቃላቱን ብቻ ቀይሩ።

ከመጀመራችሁ በፊት

የሚያስፈልጋችሁ ትንሽ ነው፦ ፊታችሁንና አንገታችሁን አንድ ላይ የሚያሳይ መስታወት፣ ድምፅ የሚቀዳ ስልክ፣ በጣት ስፋት የተቀደደ ቁራጭ ሶፍት፣ አንድ ብርጭቆ ውሃ።

ጊዜውን ጠዋት አድርጉት። የአዳማ የቀትር ነፋስና አቧራ ጉሮሮ ያደርቃል፤ የደረቀ ጉሮሮ ደግሞ በቀላሉ አይታዘዝም። ከመንገድ ዳር ራቁ፤ የባጃጅ ድምፅ ባለበት ቦታ ሳታስቡት መጮህ ትጀምራላችሁ፣ መጮህ ደግሞ ማንቁርትን ወደ ላይ ይጎትታል። እኛ የምንፈልገው ተቃራኒውን ነው።

በአንድ ጊዜ ከ10 ደቂቃ በላይ አትለማመዱ። በቀን ሁለት ጊዜ አሥር አሥር ደቂቃ፣ አንድ ጊዜ ለአንድ ሰዓት ከመታገል እጅግ ይሻላል። ጉንፋን ከያዛችሁ ወይም ድምፃችሁ ከሻከረ እስኪሻላችሁ ተዉት።

በአፋን ኦሮሞ አፉን የፈታ አንድ ሰውም ከወዲሁ ፈልጉ። ጎረቤት፣ የሥራ ባልደረባ፣ የቡና ደንበኛ ሊሆን ይችላል። የሚያስፈልጋችሁ መጨረሻ ላይ ነው።

ደረጃ 1፦ ማንቁርታችሁን አግኙ

1. ሌባ ጣታችሁን አንገታችሁ መካከል ላይ ለስለስ አድርጋችሁ አሳርፉ። ጠንከር ብሎ የሚዳሰሰው ነገር ማንቁርት ነው። ወንዶች ላይ ጎልቶ ይታያል፤ ሴቶች ላይ ብዙም አይወጣም፣ ግን ቀስ ብሎ የፈለገ ያገኘዋል።

2. ምራቃችሁን ዋጡ። ማንቁርቱ ከጣታችሁ ሥር ወደ ላይ ሲወጣ፣ ከዚያም ሲመለስ ይሰማችኋል።

3. አሁን አዛጉ። እውነተኛ ማዛጋት እምቢ ካለ አፋችሁን ዘግታችሁ ማዛጋት ጀምሩ። ማንቁርቱ ወደ ታች ይወርዳል።

እነዚህ ሁለት አቅጣጫዎች በጣታችሁ ሥር በግልጽ እስኪለዩ ድረስ ወደፊት አትሂዱ። ምንም የማይሰማችሁ ከሆነ አገጫችሁን ትንሽ ቀና አድርጉና ጣቱን ከፍ ዝቅ እያደረጋችሁ እንደገና ዋጡ። አትጫኑ፤ መጫን ያስላል፣ ለመለየትም አይረዳም።

ደረጃ 2፦ ንዝረቱን ለዩ

ማንቁርት ውስጥ ሁለት የድምፅ አውታሮች አሉ። ስንተነፍስ ይከፈታሉ። ስንናገር ይቀራረቡና ከሳንባ የሚመጣው አየር በመካከላቸው ሲያልፍ ይነዝራሉ። በተራ ንግግር የአዋቂ ወንድ አውታሮች በሰከንድ 100 ጊዜ ያህል ወይም ከዚያ ትንሽ በላይ፣ የሴት 200 ጊዜ ያህል ይነዝራሉ። አንድ በአንድ መቁጠር አይቻልም፤ በጣት ግን ይሰማል።

ጣታችሁን እንዳደረጋችሁ ‘ስስስስ’ በሉ። ንዝረት የለም። ሳታቋርጡ ወደ ‘ዝዝዝዝ’ አሻግሩት። ጣታችሁ ሥር ይነዝራል። እየቀያየራችሁ ‘ስስስ-ዝዝዝ-ስስስ-ዝዝዝ’ በሉ።

‘ዸ’ እንደ ‘ዝ’ ነዛሪ ነው። ይህን አጥብቃችሁ ያዙ፤ ወደ ‘ጠ’ የሚያንሸራትታችሁ ዋናው ስህተት ይህን መርሳት ነው።

ደረጃ 3፦ በ‘ጠ’ ወደ ላይ መውጣቱን አረጋግጡ

ይህ ደረጃ የምታውቁትን ነገር ማየት ብቻ ነው።

1. አየር ሳቡና ትንፋሻችሁን ያዙ። ትንፋሹን ሳትለቁ ‘ት’ ለማለት ሞክሩ። አይወጣም፤ ‘ት’ የሳንባ አየር ይፈልጋል።

2. አሁንም ትንፋሻችሁን እንደያዛችሁ ‘ጥ’፣ ‘ቅ’፣ ‘ጭ’ በሉ። ጥርት ብለው ይወጣሉ።

3. ጣታችሁን ማንቁርት ላይ አድርጋችሁ ‘ጥ’ን ድገሙ። እያንዳንዱ ‘ጥ’ ላይ ማንቁርቱ ወደ ላይ ቱግ ሲል ይሰማችኋል።

የሆነው ይህ ነው። የድምፅ አውታሮቹ ግጥም ብለው ይዘጋሉ፣ ምላስም ፊት ለፊት ይዘጋል። በሁለቱ መዝጊያዎች መካከል ትንሽ አየር ይታሰራል። ማንቁርት እንደ ስሪንጅ ገፊ ወደ ላይ ሲገፋ የታሰረው አየር ይጨመቃል፤ ምላስ ሲለቅቅ ይፈነዳል። ከሳንባ የተቀላቀለ ነገር የለም።

‘ዸ’ ላይ ምላሱ ይዘጋል፣ ማንቁርቱ ግን ወደ ታች ይወርዳል። ሌላም ልዩነት አለ፦ አውታሮቹ ግጥም ብለው አይዘጉም፤ እየነዘሩ ነው የሚወርዱት። ሁለቱን ነገሮች በአንድ ጊዜ ማድረግ ስለሚከብድ ለየብቻ እንማራቸዋለን።

ደረጃ 4፦ ማንቁርትን አዝዞ ማውረድ

1. አፋችሁን ዘግታችሁ ‘እምምምም’ በሉ። ከምትችሉት ቀጭን ድምፅ ጀምራችሁ ቀስ እያላችሁ እስከ ወፍራሙ ድረስ ውረዱ። ጣታችሁ ማንቁርቱን ሲከተል ወደ ታች ሲሄድ ይሰማዋል።

2. ወፍራሙ ጫፍ ላይ ስትደርሱ ድምፁን አቁሙ፣ ማንቁርቱን ግን እዚያው ታች አቆዩት። ለሁለት ሰከንድ ያህል ያዙት፣ ከዚያ ልቀቁ።

3. አሁን ያለ ድምፅ አውርዱት። የማዛጋቱን መጀመሪያ አስታውሱ፤ አፍ ተዘግቶ፣ ጉሮሮ ሰፋ ብሎ። መስታወት ውስጥ ተመልከቱ፤ ወንዶች ሲወርድ ያዩታል፣ ሴቶች በጣት ይከተሉት።

4. በፍጥነት አድርጉት፦ አውርዱ፣ ልቀቁ፣ አውርዱ፣ ልቀቁ።

*አገጫችሁ ወይም ጭንቅላታችሁ አብሮ ከወረደ* ማንቁርቱን ሳይሆን አንገታችሁን ነው ያዘዛችሁት። ጭንቅላታችሁን ግድግዳ ላይ ደገፍ አድርጋችሁ ሞክሩ።

*የምላሳችሁ ሥር ወደ ኋላ ሄዶ የሚያንቃችሁ ከሆነ* የምላስ ጫፋችሁን የታችኛው ጥርስ ጀርባ ላይ አሳርፉና እንደገና ጀምሩ። ማነቅና ማውረድ አንድ አይደሉም። በትክክል የወረደ ማንቁርት የሚሰጠው ስሜት ጉሮሮ ውስጥ ቦታ እንደተገኘ ዓይነት ነው።

እዚህ ደረጃ ላይ ሁለት ሦስት ቀን ብትቆዩ አይከፋም። የሚያስቸኩል ነገር የለም፤ ይህ ከተያዘ ቀሪው ይከተላል።

ደረጃ 5፦ ከንፈር ዘግቶ፣ እየነዘሩ መውረድ

የዚህ መመሪያ ልብ ይህ ደረጃ ነው። ምላስን ለጊዜው ተዉትና በከንፈር እንሥራው፤ ከንፈር መስታወት ላይ ስለሚታይ።

1. ከንፈራችሁን ግጠሙና ‘ብ’ ለማለት እንደተዘጋጀ ሰው ድምፁን ጀምሩ፤ ከንፈር ግን አትክፈቱ። ‘ብብብ’ ብሎ ውስጥ ለውስጥ የሚሰማ ድምፅ ነው።

2. አፍንጫችሁን በሁለት ጣት ያዙ። ድምፁ ድንገት ከተቋረጠ ስትሉ የነበረው ‘ም’ ነው፤ አየሩ በአፍንጫ ይወጣ ነበር። አፍንጫ ተይዞ ድምፁ ካልተለወጠ በትክክል እየሠራችሁ ነው።

3. አሁን ጉንጮቻችሁን በሌላኛው እጅ ጣቶች ከሁለት በኩል ጫን አድርጋችሁ እንዳይነፉ ያዙና ‘ብብብ’ን ድገሙ። ድምፁ ወዲያው ይሞታል። ምክንያቱ ቀላል ነው፦ አውታሮቹ እንዲነዝሩ አየር ከታች ወደ ላይ ማለፍ አለበት፤ አፍ ሞልቶ ግፊቱ ከታችኛው ጋር ሲስተካከል የሚያልፍ አየር የለም። ቦታ አለቀ።

4. ጉንጫችሁን እንደያዛችሁ፣ ድምፁን ስትጀምሩ ማንቁርቱን እንደ ደረጃ 4 ወደ ታች ሳቡ። ቦታ ይፈጠራል፤ ድምፁም ለቅጽበት ያህል ይረዝማል፣ ወፈር ብሎም ይሰማል። ከቅጽበት በላይ አትጠብቁ። ማንቁርት የሚወርድበት ርቀት አጭር ነው።

5. ድምፁ ገና ሳይሞት ከንፈራችሁን ክፈቱና ‘ኣ’ አስከትሉ። የሚወጣው ከ‘ባ’ የተለየ፣ ከውስጥ የተሳበ የሚመስል ‘ባ’ ነው። ይህን ድምፅ አፋን ኦሮሞ አይጠቀምበትም፤ ለመለማመጃ ብቻ ነው። ግን እሱን ካወጣችሁ ‘ዸ’ን ለማውጣት የቀረው ምላስን ማስቀመጥ ብቻ ነው።

የሚበላሸው በሦስት መንገድ ነው።

*ድምፁ ከመነሻው ጸጥ ካለና ‘ጵ’ የመሰለ ነገር ከፈነዳ* አውታሮቻችሁን ዘግታችኋል፤ የአማርኛ ልማዳችሁ አሸንፏል። ወደ ተራ ቁጥር 1 ተመለሱና ንዝረቱን በጣት እየተከታተላችሁ ጀምሩ። መጀመሪያ ንዝረት፣ ቀጥሎ መውረድ።

*እንደ ድንጋጤ ‘ህእ!’ ብላችሁ አየር ወደ ሳንባችሁ ከሳባችሁ* እየተነፈሳችሁ ነው። ብዙ መጻሕፍት “አየር ወደ ውስጥ ይገባል” ስለሚሉ ሰው በሳንባው ይስባል። ሳንባ እዚህ ወደ ውስጥ አይስብም። የሚገባው አየር ካለም አፍ ውስጥ ብቻ የሚቀር፣ እጅግ ጥቂት ነው፤ ያስገባው ማንቁርቱ በመውረዱ ነው። ደረትና ሆዳችሁ ላይ እጃችሁን አድርጉ፤ ሲነፉ ከተሰማችሁ ተሳስታችኋል።

*ምንም ልዩነት ካልተሰማችሁ* ድምፁን ቀጠን አድርጋችሁ ጀምሩና ወደ ወፍራም እየወረዳችሁ ዝጉ። ከቀጭን ወደ ወፍራም መሄድ ማንቁርቱን በራሱ ያወርደዋል።

ደረጃ 6፦ ምላስን ቦታው ላይ ማስቀመጥ

የአማርኛ ‘ደ’ ላይ የምላስ ጫፍ የላይኛው ጥርስ ሥርና ድድ ላይ ያርፋል። ለ‘ዸ’ ትንሽ ወደ ኋላ ይሄዳል።

የምላሳችሁን ጫፍ ከላይኛው የፊት ጥርስ ጀርባ አንሥታችሁ ቀስ እያላችሁ ወደ ኋላ ጎትቱት። ድዱን ታልፋላችሁ፣ አንድ ጉብታ ይሰማችኋል፣ ከጉብታው በኋላ ላንቃ ወደ ላይ መጉደል ይጀምራል። እዚያ ጉድለቱ የሚጀምርበት ላይ አቁሙ። ጫፉ በመጠኑ ወደ ኋላ ታጠፍ ይላል። የምላስ ጎኖች ከላይ መንጋጋ ጥርሶች ጋር መግጠም አለባቸው፤ ካልገጠሙ አየሩ በጎን ሾልኮ ‘ል’ ይሆናል።

ብዙ አትጠፉት። እንጥል ድረስ ለመድረስ የሚሞክር ምላስ በፍጥነት መናገር አይችልም።

ደረጃ 7፦ መልቀቅ

በደረጃ 5 በከንፈር ያደረጋችሁትን በዚህ የምላስ አቀማመጥ ድገሙት፦ ዝጉ፣ ንዘሩ፣ አውርዱ፣ ልቀቁ። አናባቢው ወዲያው ይከተላል። በመካከል ‘ህ’ የለም፣ እፍታ የለም።

በዚህ ቅደም ተከተል ተለማመዱ፦ ዻ፣ ዾ፣ ዹ፣ ዼ፣ ዺ። ‘ዺ’ን የመጨረሻ ያደረግኩት ‘ኢ’ ምላስን ወደ ፊት ስለሚጠራው ነው፤ ‘ዸ’ ደግሞ ጫፉን ወደ ኋላ ይፈልገዋል። ሁለቱ ይጎታተታሉ። ‘ዻ’ን በእርግጠኝነት ሳትይዙ ‘ዺ’ን ብትሞክሩ ወደ ‘ዲ’ ትንሸራተታላችሁ።

የሶፍት ፈተና። ቁራጩን ሶፍት ከከንፈራችሁ ሁለት ጣት ርቀት ላይ አንጠልጥሉ። ‘ታ’ በሉ፤ ይነቃነቃል። ‘ዻ’ በሉ፤ ድምፁ በሚለቀቅበት ቅጽበት ጸጥ ማለት አለበት፣ የሚመጣው እንቅስቃሴ የአናባቢው ለስላሳ ትንፋሽ ብቻ ነው። ዘለል ካለ ‘ህ’ ወይም ‘ጠ’ ገብቶበታል።

የስልክ ፈተና። ‘ዳ፣ ጣ፣ ዻ’ን እያደባለቃችሁ ቅዱና የቀዳችሁበትን ቅደም ተከተል ወረቀት ላይ ጻፉ። ወዲያው አትስሙት፤ ማታ ስሙት፣ የሰማችሁትን ጻፉ፣ ከወረቀቱ ጋር አስተያዩት። ስንናገር የራሳችንን ድምፅ በአየር ብቻ ሳይሆን በራስ ቅላችን አጥንት በኩልም ስለምንሰማው፣ አፋችን ላይ የተለየ የመሰለን ድምፅ ለሌላው ሰው አንድ ሊሆን ይችላል። ስልኩ የሚነግራችሁ ሌላው ሰው የሚሰማውን ነው።

ደረጃ 8፦ ቃላት

በቁቤ ይህ ድምፅ የሚጻፈው ‘ዲ’ እና ‘ኤች’ የተባሉትን ፊደላት አጣምሮ ነው። ኤቹን አታንብቡት። ሁለቱ ፊደላት አንድ ድምፅ ናቸው። ከመጽሐፍ ስትለማመዱ ‘ድሀ’ እያለ የሚያስቸግራችሁ ዓይናችሁ ከሆነ ቃላቱን ‘ዸ’ን ተጠቅማችሁ በፊደል ገልብጡና ከዚያ አንብቡ።

መጀመሪያ ላይ ሲመጣ፦

ዸጋ (ድንጋይ)፣ ዼራ (ረጅም)፣ ዾቄ (ጭቃ)፣ ዹጋ (እውነት)፣ ዺጋ (ደም)፣ ዺባ (መቶ፤ ‘ባ’ ይጠብቃል)።

መካከል ላይ ሲመጣ፦

ኩዸን (አሥር)፣ ሚዻን (እህል)፣ ሙዺ (ወገብ)፣ ሃዸ (እናት)።

ሁለቴ ሲመጣ፦

ዸዻ (ቅቤ)። ይህ ቃል ጥሩ መፈተኛ ነው፤ የመጀመሪያውን አስተካክሎ ሁለተኛውን ‘ዳ’ የሚል ሰው ብዙ ነው። ማንቁርቱ ለሁለተኛው ለመውረድ መጀመሪያ ወደ ቦታው መመለስ አለበት። ዝግ ብላችሁ ‘ዸ… ዻ’ በሉና ቀስ በቀስ አቀራርቡ።

ከ‘ደ’ ጋር በአንድነት ሲመጣ፦

ዳዺ (ጠጅ)፣ ኩዸ ሰዲ (አሥራ ሦስት)፣ ዺባ ሰዲ (ሦስት መቶ)። እነዚህን ከሁሉም አብልጣችሁ ተለማመዱ። ‘ዳዺ’ ላይ ሁለቱም ድምፆች አንድ ከሆኑባችሁ ገና ‘ዸ’ የላችሁም። ሁለቱንም ‘ዸ’ ካደረጋችኋቸው ደግሞ ከልክ በላይ ተለማምዳችሁ ‘ደ’ን አጥፍታችኋል፤ ‘ዲግደማ’ (ሃያ) እያላችሁ ተራውን ‘ደ’ መልሱት።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ‘ዸ’ን ስታወጡ በትግሉ ምክንያት የሚከተለውን አናባቢ እንዳታስረዝሙ። አፋን ኦሮሞ ውስጥ የአናባቢ ርዝመት ቃል ይለውጣል። ‘ዹፌ’ (መጣ) የሚለው ቃል ‘ዹ’ አጭር ነው፤ ካስረዘማችሁት ‘ፈሳ’ ማለት ይሆናል። ሰው ፊት ከመናገራችሁ በፊት ይህን ቃል ለብቻው አጥኑት።

ደረጃ 9፦ ወደ ንግግር

ቃሉ ብቻውን ሲወጣ፣ በዓረፍተ ነገር ውስጥ ሲጠፋ ታያላችሁ። የሚጠበቅ ነው። ማንቁርት በቃላት መካከል ለመዘጋጀት ጊዜ ያጣል። በአጭር፣ በየቀኑ በሚነገር ሐረግ ጀምሩ፦

‘መቃን ኮ … ጄዸማ’፤ ስሜ … ይባላል። ባዶው ላይ ስማችሁን አስገቡ።

‘ቢሻን ዹጊ’፤ ውሃ ጠጣ፣ ጠጪ። ለታላቅ ሰው ወይም ለብዙዎች ‘ዹጋ’ በሉ።

‘ኤሳ ዹፍታን?’፤ ከየት መጡ? በዕድሜ ለሚበልጣችሁ ሰው ‘ዹፍቴ’ አትበሉ፤ እሱ ለእኩያ ነው።

‘ፉዸዹ’፤ እንካ ያዝ፣ ውሰድ። ገንዘብ ስትከፍሉ የምትሉት ነው።

ከዚያ ቁጥሮችን ይዛችሁ ገበያ ውጡ። ኩዸን፣ ኩዸ ላማ፣ ዺባ፣ ዺባ ላማ። በዋጋ ድርድር ላይ ‘ዸ’ ይደጋገማል፣ ሐረጉ አጭር ነው፣ ሻጯም መልሳ ትለዋለች፤ ስለዚህ በየመሃሉ ትክክለኛውን ትሰማላችሁ። ከዚህ የተሻለ የመለማመጃ ቦታ አላውቅም።

ሁለት ነገሮች ግራ እንዳያጋቧችሁ። አንደኛ፣ ፈጥኖ የሚናገር ሰው በሁለት አናባቢዎች መካከል ያለውን ‘ዸ’ ሲያላላው፣ ምላሱ ላንቃውን መታ አድርጎ ብቻ ሲያልፍ ትሰማላችሁ። ስህተት አይደለም፣ እናንተ ግን ገና አትከተሉት፤ ጠንካራውን ሳይዝ ለስላሳውን የሚቀዳ ተማሪ ‘ረ’ ላይ ያርፋል። ሁለተኛ፣ ‘ዸ’ ከ‘ተ’ ጋር ሲገናኝ ተውጦ ይቀራል። ‘ፉዸዼ’ (ወሰድኩ) ይባላል፤ ‘ወሰድክ’ ሲሆን ግን ‘ፉዸቴ’ ነው፣ ‘ተ’ም ይጠብቃል። በሁለተኛው ቃል መጨረሻ ላይ ‘ዸ’ ለማስገባት አትታገሉ።

ጉሮሮ ሲያማችሁ

ትክክለኛ ‘ዸ’ አያምም። የሚያም ከሆነ የምትጨምቁት ጉሮሮአችሁን ነው። ወዲያው አቁሙ፣ ውሃ ጠጡ፣ ለዚያ ቀን ተዉት፤ በነጋታው ከደረጃ 4 በግማሽ ጉልበት ጀምሩ።

ጉሮሮን ለመጥረግ ደጋግማችሁ ‘እህ እህ’ አትበሉ፤ አውታሮቹን እርስ በርስ ያጋጫቸዋል፣ ይበልጥም ይሻክራሉ። ምራቅ መዋጥ ወይም ውሃ መጎንጨት ያንኑ ሥራ ያለ ጉዳት ይሠራል። ድምፅ ሲደክም ማንሾካሾክም ዕረፍት አይደለም፤ ዕረፍት ዝም ማለት ነው።

ድምፅ ከ3 ሳምንት በላይ ሻክሮ ከቆየ ግን ነገሩ ከልምምድ ጋር ላይያያዝ ይችላል። የጆሮ፣ የአፍንጫና የጉሮሮ ሐኪም ይየው። ደም ያለው አክታ ወይም ለመዋጥ መቸገር ካለ ሦስት ሳምንት አትጠብቁ።

ደረጃ 10፦ በሰው ጆሮ መፈተን

መጀመሪያ ላይ ያዘጋጃችሁት ሰው አሁን ያስፈልጋል። “ልክ ነኝ?” ብላችሁ ግን አትጠይቁት። የአገራችን ሰው ቋንቋውን የሚሞክርለትን ሰው ይወድዳል፤ “ጎበዝ!” ይላችኋል፣ እናንተም ምንም ሳትማሩ ትመለሳላችሁ።

እንዲህ አድርጉ። ወረቀት ላይ በሦስት ዓምድ ‘ዳ’፣ ‘ጣ’፣ ‘ዻ’ ጻፉና ለሱ ስጡት። ጀርባችሁን ስጡት፤ አፋችሁን ካየ ይገምታል። ሃያ ጊዜ ያህል አደባልቃችሁ በሉ፣ እሱ በእያንዳንዱ የሰማው ዓምድ ሥር ቁጥሩን ይጻፍ። እናንተም ያላችሁትን ለብቻችሁ መዝግቡ። ከዚያ ሁለቱን አስተያዩ።

‘ዻ’ ብላችሁ ‘ዳ’ ከሰማ ነዝራችኋል፣ አላወረዳችሁም፤ ወደ ደረጃ 4 ተመለሱ። ‘ዻ’ ብላችሁ ‘ጣ’ ከሰማ አውታሮቹን ዘግታችኋል፤ ደረጃ 5ን ከተራ ቁጥር 1 ጀምሩ። ከሦስቱ አንዱንም ሳይመርጥ ቅር ካለው ‘ላ’ ወይም ‘ራ’ ሰምቶ ሊሆን ይችላል፤ የሰማውን በራሱ አንደበት ይድገምላችሁ፣ ከዚያ የምላሳችሁን አቀማመጥ በደረጃ 6 አስተካክሉ።

‘ዻ’ዎቻችሁን ሁሉ ከለየ ክፍለ ድምፆቹን ትታችሁ በ‘ዸዻ’፣ በ‘ዳዺ’ እና በ‘ዺባ ሰዲ’ ያንኑ ፈተና ድገሙ፤ በዚህኛው ግን ጀርባችሁን አትስጡት፣ በተራ የንግግር ፍጥነት እያወራችሁት መሃል ላይ ጣል አድርጉና እንድትደግሙለት ጠይቆ እንደሆነ ብቻ ልብ በሉ።